ቀኝ ትከሻ

ጭላት ሸሚዝ ለመልበስ ሰው ካስፈለገው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ግራ እጁን እንደምንም ራሱ ያስገባል፤ ቀኙ ግን ከደረቱ በላይ አልነሳ ብሎታል። ትንሽ ከፍ ላድርገው ያለ እንደሆነ፣ ከአንገቱ ሥር ተነስቶ እስከ ክርኑ የሚወርድ ሕመም ትንፋሹን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳሎን ገብቶ ሶፋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የሚስቱ ወንድም ቀጮ፣ በጄሶ የታሸገ እግሩን በርጩማ ላይ እንደሰቀለ ጎንበስ ብሎ እጅጌውን ያስገባለታል፤ ቁልፉንም አንድ በአንድ ይቆልፍለታል።

“እኔ እግር የለኝ፣ አንተ እጅ የለህ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው አይወጣንም፣ ጋሼ” ይላል ቀጮ።

ጭላት ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ጭላት ሥራ ቦታ የወጣለት ስም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመሬት አርባና ሃምሳ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመስታወት ካቢን ውስጥ ተቀምጦ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። ግንበኞቹ “የሌላ አገር ጭላት ጫጩት ይነጥቃል፤ የኛው ፌሮ ያወርዳል” እያሉ ይቀልዱበታል። ቀጮ ደግሞ ምልክት ሰጪው ነበር። ላይ ያለው ሰው ጭነቱ የት እንደሚያርፍ አጥርቶ አያይም፤ ስለዚህ ከታች የቆመ ሰው ክንዱን እያነሳና እየዘረጋ “አውርድ፣ አንሳ፣ ወደ ግራ፣ ቁም” ይለዋል። የላይኛው ዓይን የታችኛው እጅ ነው። ለቀጮ ይህን ሥራ ያስገባው ጭላት ራሱ ነው፤ ሚስቱ ለምናው። እናታቸው ስትሞት ቀጮ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረች። እህቱም እናቱም ሆና አሳድጋዋለች። “ዓይንህ ሥር ይዋልልኝ” ነበር ያለችው።

ስለ አደጋው ሰፈሩም ሥራ ቦታውም የሚያወራው አንድ ታሪክ ነው። አራተኛው ፎቅ ላይ የፌሮ ጥቅል ሲወርድ ቀጮ የ“ቁም” ምልክቱን ሳይሰጥ ዘገየ፤ ጥቅሉ ተወዛውዞ መወጣጫውን መታው፤ ቀጮ ከነሳንቃው አንድ ፎቅ ሙሉ ወደቀ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ራሱም ተመታ። ጭላት ጭነቱን ለማዳን እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት ትከሻውን ጎዳ። ሰው ሁሉ ያዘነው ለሁለቱም ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ለጭላት ይበልጥ አዘነ፦ በአማቹ ስህተት እጁን ያጣ ሰው ነውና።

ጭላት የሚያውቀው ግን ሌላ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሥራውን የሚመራው ኢንጂነር ደውሎለት ነበር። የአርማታ መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ፌሮው ግን ገና አልወጣም። ኢንጂነሩ ሠራተኛው እየሰማ “እዚያ ላይ ወጥተህ የምትተኛ ከሆነ፣ ውረድና የሚሠራ ሰው እናምጣ” አለው። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ የደፈረው ሰው አልነበረም። ስልኩን ዘጋ። ንዴቱ ግን አልበረደለትም። ጥቅሉን እያወረደ፣ ለኢንጂነሩ ሊመልስለት የሚገባውን መልስ በልቡ ይደረድር ነበር። ቀጮ ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ፤ መዳፉን ወደ መሬት አደረገ። ቁም ማለት ነው። ጭላት እጁን አየው፤ ጥርት አድርጎ አየው። ያየውን ነገር ወደ ክንዱ ያደረሰው ግን ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነበር። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ጥቅሉ ሊደርስ የማይገባው ቦታ ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ወረቀት ይዞ መጣ። ድምፁ ተለውጧል፤ “ወንድሜ” እያለ ነው የሚያናግረው። ወረቀቱ ላይ “ምልክት ሰጪው በወቅቱ ምልክት ባለመስጠቱ” የሚል ተጽፏል። ጭላት አነበበው። ኢንጂነሩ ልጁ ምንም እንደማያስታውስ፣ ስህተቱ በክሬኑ በኩል ነው ከተባለ ግን ግንባታው ሁሉ ተዘግቶ ስንት ሰው ሥራ ፈት እንደሚሆን ነገረው። ጭላት ብዕሩን ተቀበለ። ፈረመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በማግስቱ ልሰርዝ ቢልም ወረቀቱ ሄዷል።

በማግስቱ ነው ሕመሙ ትከሻውን የያዘው። ዕለቱን ምንም አላመመውም ነበር። ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ቤቱ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ነው። የጭላት ሚስት የተማሪ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት የሁለቱንም መድኃኒት በሁለት የስኒ ማስቀመጫ ለይታ፣ “የእግር ይሄ፣ የእጅ ይሄ፣ እንዳትቀያይሩ” ብላ ትሄዳለች። ከዚያ እስክትመለስ ሁለቱ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውላሉ። ለጭላት ከባዱ ይኸ ነበር። ቀጮ ተናዶበት፣ ወይም ጠርጥሮት ቢሆን ይቀለው ነበር። ቀጮ ግን ይቅርታ ይጠይቀዋል። በየቀኑ ይጠይቀዋል። ከቁርስ በኋላ ያለውን የዚያን ዕለት ነገር አንዱንም አያስታውስም፤ የተጻፈውን ሰምቶ አምኗል።

“ምን ነክቶኝ ይሆን?” ይላል። “እንቅልፍ አልጎደለኝም። ስልኬንም ሥራ ላይ አልይዝም። አንተን የሚያህል ሰው አደራ ብሎ አስገብቶኝ…”

“ተወው እስኪ” ይላል ጭላት።

“አልተወውም። አንድ ሰው ቢሞትስ ኖሮ?”

ከዚያ ክራንቹን ተደግፎ ይመጣና ከኋላው ቆሞ ትከሻውን ያሽለታል። እጁ ለስላሳ ነው፤ ይጠነቀቅለታል። ባሸው ቁጥር ሥጋው እየተቋጠረ፣ እየደደረ ይሄዳል። ቀጮ “ኧረ ድንጋይ ሆነ!” ይልና ይበልጥ ይበረታል። ጭላት ጥርሱን ነክሶ ግድግዳውን ያያል።

ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ አጥንቱ ደህና ነው አለ። የተበጠሰ ጅማትም አላገኘም። በሕመሙ ግን አልተጠራጠረም፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው። እዚያ የጠበቀችው አጠር ያለች፣ ነጭ ጋዋኗን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ሴት ነች። ወንበር ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈችና ወሬ ጀመረች። ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ላይ ሲሆን ንፋሱ እንዴት እንደሆነ፣ ምሳውን ማን እንደሚያወጣለት ጠየቀችው። በገመድ ጎትቼ ነው አላት፤ ሳቀች። እጇ ሥር ሥጋው ትንሽ ሲላላ ራሱም ተሰማው።

“አደጋው እንዴት ነበር?” አለችው።

እጇ ቆመ። መልሱን እንዳልፈለገች ሁሉ ሌላ ወሬ አመጣች፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሚስቱ ሥራ። ከዚያ እንደ ዋዛ “የወደቀው ልጅስ፣ ተሻለው?” ብላ ጠየቀችው።

አሁን ዞራ ከፊቱ ተቀመጠች።

“ልብ ብለውታል? አንዳንድ ጥያቄ ስጠይቅዎት ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ይሸሻል። ሰው ዱላ ሲሰነዘርበት እንደሚያደርገው።”

“ታዲያ ሕመሙ የሐሳብ ነው ልትይኝ ነው?”

“አላልኩም። ሕመሙ የእውነት ነው፤ ሥጋው እንደ ገመድ ተገምዷል፣ በእጄ እየነካሁት። ጭንቀት ሲቆይ ጡንቻ መላላት ይረሳል። ቀን ከሌት ዱላ እንደጠበቀ ይኖራል። እኔ እዚህ አላላዋለሁ፤ እርስዎ ቤትዎ ሲደርሱ መልሶ ይቋጠራል። ዱላው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።”

ጭላት ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሳ። ሚስቱ ስትጠይቀው ሴትዮዋ ሥራዋን አታውቅም አላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልሄደም።

በሳምንቱ ስለ አደጋው ደብዳቤ መጣ። የሥራ ደኅንነት ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም ጠርቷል። ጥፋቱ የምልክት ሰጪው ሆኖ ከጸና የሥራ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ግንባታ ላይ ክሬን ሥር አይቆምም። ሚስቱ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። አለቃዋን ፈቃድ ጠይቃ አልፈቀደላትም፤ እንዳለቀ ደውሉልኝ ብላ አስማለቻቸው።

ቀጮ ግን ያሰበው ሌላ ነበር። ማክሰኞ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ እህቱ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች፣ ቀጮ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደገፈና በአንድ እግሩ ቆመ።

“ስማኝ ጋሼ። ሐሙስ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ሙሉ በሙሉ። አንተን እንዳይነካኩህ። አንተ ቤተሰብ ያለህ ሰው ነህ፤ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም። ግን እንዴት እንዳጠፋሁ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? እስኪ አብረን እናስታውሰው።”

ጭላት ከሶፋው ጠርዝ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

ቀጮ ክንዱን አነሳ። “ይሄ አውርድ ነው። ይሄን አሳይቼሃለሁ፣ አይደል? ያለዚያ አታወርድም።”

“አዎ።”

“ከዚያ ጥቅሉ ወደ መወጣጫው ተጠጋ። እኔ የት ነበርኩ? ጥጉ ላይ? ጥጉ ላይ ከሆንኩ በደንብ ታየኛለህ።” አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ፣ መዳፉንም ወደ መሬት አደረገ። “ይሄንንስ? ይሄን አሳይቼህ ነበር?”

ወጥ ቤት የውሃው ድምፅ ቆመ። ጭላት የተዘረጋውን እጅ እያየ ቀኝ ጎኑ ከአንገቱ እስከ ጣቱ ጥፍር ደረቀ። መናገር ፈለገ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ “አዎ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዓይኑን ጨፈነ።

“አላስታውስም” አለ።

ቀጮ እጁን አወረደ። “በቃ፣ አላሳየሁም ማለት ነው” አለና ወደ ሶፋው ተመለሰ።

ሚስቱ እጇ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወንድሟ ሸለብ እስኪያደርገው ጠበቀችና ጭላትን ወጥ ቤት ጠራችው።

“ሲያሳይህ ለምን ዓይንህን ጨፈንክ?”

“ትከሻዬን አሞኝ ነው።”

“ትከሻህን አልጠየቅኩህም” አለችና ፊቷን ወደ ሳህኗ መለሰች። ከዚያ በኋላ እስከ ሐሙስ ድረስ ከ“ብላ” እና ከ“መድኃኒትህን ውሰድ” በቀር አላናገረችውም።

ሐሙስ ጠዋት ቀጮ ሸሚዙን ሲያለብሰው አንገትጌውን ደግሞ ደጋግሞ አስተካከለለት። ኮሚቴ ፊት ተጨማዶ መቅረብ ጥፋተኛ ያስመስላል አለ። ታክሲ ይዘው ሄዱ። የተጠሩበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ ስለማይሠራ ቀጮ ደረጃውን አንድ በአንድ እየዘለለ ወጣ። ጭላት በግራ እጁ ብብቱን ደግፎት ነበር፤ የልጁ ልብ ሲመታ በጣቱ ይሰማዋል።

ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ኢንጂነሩ ቀድሟቸው ገብቷል፤ ከበሩ በስተጀርባ ሳቁ ይሰማል። ቀጮ ወረቀት አውጥቶ የጻፈውን በከንፈሩ ያነበንባል። “ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አምኜ…” ይልና ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። “አምኜ” የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰበራል። ጭላት አንዴ ሰማው፤ ሁለቴ ሰማው። ሦስተኛው ላይ ግራ እጁን ሰድዶ ወረቀቱን ያዘ።

“እጅህ ተነስቶ ነበር” አለ።

“ምን?”

“ቁም ብለኸኛል። በጊዜው ብለኸኛል። አይቼዋለሁ። ያላቆምኩት እኔ ነኝ።”

ቀጮ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሊያጽናናው የሚዋሽ መስሎት ፈገግ ሊል ጀምሮ ነበር። ከዚያ ፊቱን አየው። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ሄደ።

“ፈርመሃል እኮ” አለ።

“ፈርሜያለሁ።”

“ማክሰኞ ጠይቄሃለሁ። በአንድ እግሬ ቆሜ።”

“ጠይቀኸኛል።”

ቀጮ የጭላትን ሸሚዝ ከአንገትጌው እስከ ታች ቁልፉ ድረስ አየው። “ዛሬ ጠዋት እንኳ ያለበስኩህ እኔ ነኝ” አለ። ክራንቹን ይዞ ተነሳና ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። በሩ ተከፍቶ ስማቸው ሲጠራ ዞሮ ገባ፤ ጭላትን አልጠበቀውም።

ሦስት ሰዎች ነበሩ ከጠረጴዛው ጀርባ። ጭላት አልተቀመጠም። ከሁሉ በፊት እኔ ልናገር አለና ተናገረ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። የስልኩን ነገር፣ ሁለቱን ሰከንድ፣ ወረቀቱን ማን ጽፎ እንዳመጣው፣ ትከሻውም በአደጋው እንዳልተጎዳ፣ በማግስቱ እንደያዘው ሳይቀር ነገራቸው። ኢንጂነሩ ሳቅ ብሎ፣ ሰውዬው በሕመምና በሐዘን ተረብሾ ነው፣ ለአማቹ ሲል የማያደርገው የለም አለ። ከሦስቱ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች አዛውንት፣ ብዕሯን አስቀምጣ ጭላትን ቀና ብላ አየችው።

“ይህን ካልክ ፈቃድህ እንደሚታገድ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“ካወቅክ ድገመው። ቀስ ብለህ። እንዲጻፍ።”

ደገመው። እየደገመው ላብ በጀርባው ይወርድ ነበር። ሰዎች እውነት መናገር ያቀላል ሲሉ ሰምቷል፤ እሱን አላቀለለውም። መሃል ላይ ወንበሩን ተደገፈ። ተደግፎ ነው የጨረሰው።

ሲወጡ ቀጮ ታክሲ ብቻውን ያዘ። ጭላት በእግሩ ሄደ፤ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ከሥራ ወጥታ መጥታለች። ከወንድሟ ሰምታለች። የቀጮን ልብስ አጣጥፋ በሻንጣ ከታ ጨርሳ፣ የራሷንም ጥቂት ነገር ጨምራ ነበር። አክስቷ ቤት ልትወስደው ነው።

“ስህተት የማንም ነው” አለችው፣ ዚፑን እየዘጋች። “አንተም ሰው ነህ፤ ተናደድክ፣ ሁለት ሰከንድ ዘገየህ። እሱን ይቅር ማለት አያቅተኝም። አንድ ወር ሙሉ ሲያሽህ ዝም ብለህ መታሸትህን ግን የት ላድርገው? ንገረኝ፣ የት ላድርገው?”

ሻንጣውን ላንሳልሽ አለ፤ ቀኝ እጁ እንደማያነሳ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ራሷ አንስታ ወጣች።

አሥራ ስድስት ቀን ቆየች። ጭላት በነዚያ ቀናት ቁልፍ የሌለው ሹራብ ለበሰ፤ እሱንም ለመልበስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ ተመልሶ ሄደ። የቀረበትን ምክንያት አልጠየቀችውም፤ እሱ ግን ነገራት፤ ዝርዝሩን ሳይሆን የሚመለከተው ሰው እንዳወቀው ብቻ። እጇን አሳርፋ ቆየች። “አሁንም ደርቋል” አለች፤ “ግን አሁን እጄ ገባ ይላል።” ቤት የሚሠራው እንቅስቃሴ ሰጠችው፦ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣቱ ወደ ላይ መውጣት። በመጀመሪያው ቀን አገጩ ላይ አልደረሰም። በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ከአደጋው ወዲህ የጠፋው እንቅልፉ ተመልሶ ነበር፤ ያን ግን ለማንም ማውራት አሳፈረው።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሚስቱ ብቻዋን ተመለሰች። አልታረቀችውም፤ ቤቴ ስለሆነ ነው የመጣሁት አለች። ግድግዳው ላይ የጣቱን አሻራ አየችና ምንድነው ብላ ጠየቀች። ነገራት። ጨርቅ አርጥባ ልትጠርገው ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው።

የኮሚቴው ውሳኔ በወሩ መጣ። የቀጮ መዝገብ ነጻ ሆነ። የጭላት ፈቃድ ለሁለት ዓመት ታገደ፤ ኢንጂነሩም ሐሰተኛ ሪፖርት በመጻፉ ከቦታው ተነሳ። ጭላት አሁን መሬት ላይ ነው የሚሠራው፤ የክሬን ገመድና መንጠቆ የሚፈተሽበት ጋራዥ ውስጥ ቅባት ይቀባል፣ የተበላ ሽቦ ይለያል። ሠራተኞቹ አንዳንዴ ቀና ብለው ሰማይ እያዩ “ጭላት የት ገባ?” ይሉና ይሳሳቃሉ። ይችለዋል። ክንዱ ጆሮው ድረስ ይነሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አሁንም ያመዋል።

ቀጮ በአምስተኛው ወር ሌላ ግንባታ ላይ ሥራ ጀመረ። በእህቱ በኩል ሰላም ይላል እንጂ ቤት አልመጣም። አንድ ቀን ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ጭላት እጁ በቅባት እንደተለወሰ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን ሲያይ ትከሻው ብድግ አለ፤ ታወቀው፣ ቀስ ብሎ ትንፋሹን አወጣና አነሳው።

ቀጮ ሰላምታውን አላስረዘመም። ከኋላው ንፋስ ይሰማል።

“ቆርቆሮ ልናወጣ ነው። ንፋሱ እየጠነከረ ነው፤ እኔ ይቁም እላለሁ፣ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ይቻላል ይላል። አንተ ምን ትላለህ?”

ጭላት የቆርቆሮውን ስፋት ጠየቀው፤ ጥቅሉ በስንት ቦታ እንደታሰረ፣ ንፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቀው። ቀጮ መለሰ።

“አይወጣም” አለ ጭላት። “አስቁም። ክንድህን ዘርጋና እንደዘረጋህ ቆይ።”

“ባያቆምስ?”

ጭላት ጋራዡ በር ላይ ወጥቶ ቆመ።

“ካላቆመ ከሥሩ ውጣ፤ ሰዉንም አስወጣ። ከዚያ ሰዓቱን ጻፍና እሱንም አለቃውንም አስፈርማቸው። ምስክር ከፈለግክ ከዚህ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።”

“እሺ” አለ ቀጮ። ከዚያ “ልሂድ፣ እየጠበቁኝ ነው” ብሎ ዘጋ።

ጭላት እዚያው በሩ ላይ ቆየ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጭር መልእክት ገባለት፤ “ቆሟል” ይላል። ለሚስቱ ደወለላትና አነበበላት።